እናቴን እንድትከተብ መጫን ነበረብኝን?

ጥያቄ፦ የአዘዞዋ ልጅ

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ጎንደር፣ አዘዞ ነው። ይህን ጥያቄ ለረጅም ጊዜ በልቤ ይዤው ቆይቻለሁ፤ አሁን የማቀርበውም ለመከራከር ሳይሆን ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ ሰው እንዲያስረዳኝ ነው።

የኮቪድ ክትባት ወደ አገራችን በገባበት በ2013 ዓ.ም. እናቴ 67 ዓመቷ ነበር። ስኳርና የደም ግፊት ስላለባት ቅድሚያ ከሚሰጣቸው ወገን ነበረችና እጇን ይዤ ወደ አንድ የጤና ተቋም ወሰድኋት። ሰልፉ ረጅም ነበር። ተራችን ሲደርስ እናቴ ባለሙያዋን «ልጄ፣ ይህ መርፌ ከስኳር ኪኒኔ ጋር አይጣላም ወይ?» ብላ ጠየቀቻት። ባለሙያዋም ቀና ሳትል «እማማ፣ የሚከተቡ ከሆነ ይከተቡ፣ ካልሆነ ለሌላው ቦታ ይልቀቁ» አለቻት። ከኋላችን የቆመው ሰው ሁሉ ይሰማ ነበር። እናቴ ነጠላዋን ሰብስባ ተነሣች፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ክትባቱ ባነሣሁባት ቁጥር ወሬውን ወደ ሌላ ትመልሰዋለች። እኔም ተውኋት።

ከወራት በኋላ በሽታው ያዛት። ኦክስጅን አስፈልጓት ነበር፤ እግዚአብሔር ይመስገን ተርፋለች፤ ነገር ግን ዛሬም ቤተ ክርስቲያን ለመሳለም ዳገቱን ስትወጣ መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ትቀመጣለች። ተከትባ ቢሆን ኖሮ እንዲህ አትሆንም ነበር ብዬ በእርግጠኝነት መናገር እንደማልችል አውቃለሁ። ቢሆንም ሌሊት ሌሊት የሚነሣብኝ ሐሳብ ይኸው ነው።

ከዚያ ደግሞ በ2016 ዓ.ም. የአስትራዜኒካ ክትባት ከአውሮፓ ገበያ እንደ ወጣ፣ ኩባንያውም ደም ሊያረጋ እንደሚችል አመነ የሚል ዜና ተሰማ። ቡና ላይ የተቀመጡ ጎረቤቶች እናቴን «እንኳን ቀረብሽ» አሏት። እርስዋ ዝም አለች፤ እኔ ግን ግራ ገባኝ። ታዲያ ትክክል የነበረችው እርስዋ ናት ማለት ነው? ልጅ እናቱን በእንዲህ ያለ ነገር እስከ ምን ድረስ መጫን ይገባዋል? በቅንነት የሚመልስልኝን ሁሉ አስቀድሜ አመሰግናለሁ።

መልስ፦ ጡረተኛው ጤና መኮንን

እህቴ፣ እናትዎ ያነሡት ጥያቄ መልሱ ከግማሽ ደቂቃ የማያልፍ ነበር። ክትባቱ ከስኳር ኪኒን ጋር አይጣላም፤ እንዲያውም ቅድሚያ የተሰጣቸው ስኳር ያለበት ሰው በኮቪድ ክፉኛ የመጎዳት ዕድሉ ከፍ ስለሚል ነው። ይህን አለመስማታቸው የእርሳቸው ጥፋት አይደለም፤ የእኛ የሙያው ሰዎች ጥፋት ነው። ሰልፉ ቢረዝምም፣ ባለሙያዋ ቢደክማትም፣ መልሱ የክትባቱ አካል ነበረ።

ወደ ሁለተኛው ጉዳይ ስመጣ፣ ቀኖቹን ጎን ለጎን ማየት ይጠቅማል። ክትባትን ለአገሮች ለማዳረስ በተቋቋመው ዓለም አቀፍ ጥምረት በኮቫክስ በኩል የመጣው የመጀመሪያው 2.2 ሚሊዮን ዶዝ በሕንድ የተመረተ አስትራዜኒካ ሲሆን አገራችን የደረሰው በየካቲት 2013 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ክትባቱ የተጀመረው መጋቢት 4 ቀን፣ ማለትም የመጀመሪያው ታማሚ በአገራችን ከተገኘ ልክ በዓመቱ ነበር። በዚያው ወር በ29ኛው ቀን የአውሮፓ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ፣ የደም ፕሌትሌት (ደም እንዲረጋ የሚያግዙ ጥቃቅን የደም ክፍሎች) መቀነስ ያለበት ያልተለመደ የደም መርጋት፣ እጅግ አልፎ አልፎ የሚከሰት የክትባቱ ጉዳት ሆኖ እንዲመዘገብ ወሰነ። ስለዚህ ክትባቱና የክትባቱ ክፉ ወሬ ወደ ጎንደር የደረሱት በአንድ ወር ውስጥ ነው፤ ሕዝቡ ቢደናገር አይፈረድበትም።

ጉዳቱ እውነት ነው፤ የሞቱም ሰዎች አሉ። መጠኑ በእንግሊዝ በተደረገው ክትትል በመጀመሪያው ዶዝ ከ100,000 ተከታቢ ከ1 እስከ 2 ሲሆን በወጣቶች ላይ ከፍ ይላል፣ በአረጋውያን ላይ ዝቅ ይላል። ኮቪድ ደግሞ በተቃራኒው ዕድሜ በጨመረ ቁጥር ይከፋል። እንግሊዝ ከ30 ዓመት በታች፣ ቆይታም ከ40 ዓመት በታች ለሆኑት ሌላ ዓይነት ክትባት ይሰጣቸው ስትል ለአረጋውያን ግን ያንኑ መስጠቷን የቀጠለችው ስለዚህ ነው። ዴንማርክ ፈጽማ አቆመች፤ እርስዋ ግን ሌላ ክትባት በእጇ ነበራት፣ ወረርሽኙም በዚያን ጊዜ በቁጥጥር ሥር ነበር። እኛ በወቅቱ ከመጣልን የምናማርጠው አልነበረንም። በዚህ መሠረት ለ67 ዓመት ሴት፣ ያውም ስኳርና ግፊት ላለባቸው፣ ክትባቱን መውሰድ የተሻለው ምርጫ ነበር፤ ዛሬም የምናገረው ይህንኑ ነው። በ2016 ዓ.ም. ከአውሮፓ ገበያ የወጣውም ኩባንያው እንደ ገለጸው፣ ለአዳዲሶቹ የቫይረሱ ዝርያዎች የተዘጋጁ ሌሎች ክትባቶች በመብዛታቸው ፈላጊ ስላጣ ነው። የደም መርጋቱ ጉዳይ ከዚያ ሦስት ዓመት ቀድሞ በመድኃኒቱ መግለጫ ላይ የተጻፈ እንጂ በዚያን ጊዜ የተጋለጠ ምስጢር አልነበረም።

ይህን ስል ግን ከመቶ ሺሕ አንድ ወይም ሁለት ነው የሚለው ቃል ያ ሰው ለሞተበት ቤት ምንም እንደማያጽናና አውቃለሁ። ደግሞም ሰዎች በቅጡ ያልተነገራቸው አንድ ነገር አለ። አዲስ ክትባት ከመፈቀዱ በፊት በአሥር ሺዎች በሚቆጠሩ ሰዎች ላይ ይሞከራል፤ ከመቶ ሺሕ ሰው በአንዱ ላይ የሚደርስ ጉዳት በዚያ ሙከራ ውስጥ ላይታይ ይችላል። የሚታየው ብዙ ሕዝብ ከተከተበ በኋላ፣ ያውም እያንዳንዱ ሕመም ተመዝግቦ ወደ ማዕከል ከተላከ ብቻ ነው። እኔ ራሴ በአገልግሎት ዘመኔ ከክትባት በኋላ ልጄን አተኮሰው ብላ የመጣችን እናት «ያልፋል» ብዬ ሸኝቼ፣ በመዝገብ ላይ ግን አንዲት መስመር ሳልጽፍ የቀረሁባቸው ቀኖች ብዙ ናቸው። አብዛኛው በእርግጥ ያልፍ ነበር። መጻፍ ግን ነበረብኝ፤ ምክንያቱም ሳይጻፍ የቀረውን ማንም አይመረምረውም፣ ደህና ነው የምንለውም ቃል የሚታመነው ከኋላው መዝገብ ሲኖር ነው። እንዲህ ያለ ሕመም የሚያጋጥመው ማንም ሰው ለጤና ጣቢያው ከመናገር በተጨማሪ ለምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በነፃው 8482 ስልክ ደውሎ ማሳወቅ ይችላል።

መልስ፦ የታሪክ መምህር ከማራኪ

የጤና መኮንኑን ማብራሪያ በአክብሮት አንብቤዋለሁ፤ ያልተስማማሁበት ነገር የለም። ነገር ግን ነገሩ በቁጥር ብቻ የሚያልቅ አይመስለኝም። ሕዝባችን ክትባትን የሚፈራው ስላልተማረ ነው የሚለውን አባባል በየስብሰባው እሰማዋለሁና በዚህ ላይ ጥቂት ልበል።

በሽታን በሰውነት ላይ በመጫር መከላከል ለዚህ አገር እንግዳ አይደለም። ከተበ በግእዝ ጻፈ ማለት ነው፤ ክታብም ክትባትም ከዚያው ሥር የወጡ ናቸው። ዘመናዊው መርፌ ከመምጣቱ አስቀድሞ በደጋማው አገር የፈንጣጣን ቁስል ፈሳሽ በተጫረ ቆዳ ላይ እያኖሩ ይከትቡ እንደ ነበር የታወቀ ነው። አደገኛ ነበር፤ የሚሞትበት ሰው ነበር፤ ሰዎች ግን አደጋውን ከበሽታው ጋር አመዛዝነው ይመርጡ ነበር። ይህችም ከተማ ፈንጣጣን በሚገባ ታውቀዋለች። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ሲደርስ በሽታው ቁስቋም፣ የእቴጌ ምንትዋብ ቤተ መንግሥት ውስጥ ሳይቀር ገብቶ ነበርና ታማሚዎቹን እንዲያክም ተጠርቷል። ያ በሽታ ከኢትዮጵያ የጠፋው በ1968 ዓ.ም. መጨረሻ፣ ከዓለም መጥፋቱ የታወጀው ደግሞ በ1972 ዓ.ም. ነው፤ ያጠፋውም ቤት ለቤት፣ በእግርና በበቅሎ የተጓዘ የክትባት ዘመቻ ነው። የዛሬ አረጋውያን ብዙዎቹ የዚያ ክትባት ጠባሳ በክንዳቸው ላይ አለ። እናትዎም ሳይኖራቸው አይቀርም።

ስለዚህ እናትዎ የፈሩት መርፌን አይመስለኝም። ጥርጣሬ ምክንያት አለው። ወረርሽኙ በጀመረ በወራት ውስጥ በፈረንሳይ አንድ ሐኪምና አንድ ተመራማሪ በቴሌቪዥን ቀርበው አንድን ክትባት በአፍሪካ ስለ መሞከር ሲወያዩ መላው ዓለም ሰማ፤ የዓለም ጤና ድርጅት ዋና ዳይሬክተር ቴድሮስ አድኃኖም ንግግሩን ዘረኝነት ነው ብለው አወገዙት። ያን የሰማ ሰው ቢጠይቅ ምን ያስደንቃል? ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያስተምረኝ ግን የናይጄሪያ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በሰሜን ናይጄሪያ የካኖ ግዛት የፖሊዮ ክትባትን መካን ያደርጋል በሚል ጥርጣሬ አቆመች፤ ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. በ1996 በዚያው ከተማ በማጅራት ገትር ታማሚ ሕፃናት ላይ የተደረገ የመድኃኒት ሙከራ የተወው ቁስል ገና አልሻረም ነበር። ቫይረሱ ከዚያ ተነሥቶ ብዙ አገር አዳረሰ፤ በ1997 ዓ.ም. በሱዳን በኩል ወደ እኛም ሰሜን ክፍል ደረሰ። ክትባቱ የተመለሰው ሕዝቡን በመዝለፍ አልነበረም። ሕዝቡ የሚያምናቸው ሰዎች ባሉበት ተመርምሮ፣ ከኢንዶኔዥያ ማለትም ከሙስሊም አገር የተመረተው እንዲመጣ ተደርጎ ነው። ይህን ያህል ዋጋ ከተከፈለ በኋላ የተገኘው መፍትሔ በመጀመሪያው ቀን ሊደረግ ይችል ነበር ብዬ አስባለሁ። በእኛም ከተማ ቢሆን ከድምፅ ማጉያው ይልቅ የእድር ዳኛውና የነፍስ አባቱ አስቀድመው ጠይቀው፣ መልስ አግኝተው፣ ከዚያ ቢናገሩ ይበልጥ ይደመጡ ነበር።

መልስ፦ የኩላሊት ታማሚ ወንድም

ሁላችሁም ስለሚጠይቀው ሰው ተናግራችኋል። እኔ ደግሞ ምርጫው ስለሌለው ሰው ልናገር። ወንድሜ ኩላሊት ተቀይሮለታል፤ በሚወስደው መድኃኒት ምክንያት ክትባት ቢወጋም ሰውነቱ እንደ ሌላው ሰው መከላከያ አያበጅም። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. እርሱን የጠበቀው በዙሪያው ያለነው ሰዎች ጥንቃቄ ነው። ለቅሶ ቤት ሄዶ መቀመጥ አልቻለም፤ የአባታችን ወንድም ሲሞት እንኳ በር ላይ ቆሞ አልቅሶ ተመለሰ። «የራሴ አካል ነው፣ የራሴ ምርጫ ነው» የሚለውን ቃል ስሰማ የሚታየኝ ያ በር ነው። በእርግጥ የኮቪድ ክትባት መተላለፉን ጨርሶ እንደማያቆም፣ የሚቀንሰውም ለጊዜው እንደሆነ አውቃለሁ፤ ዋናው ጥቅሙ የተከተበውን ሰው ከከባድ ሕመም ማዳኑ ነው። ያም ሆኖ ጥቂት መቀነሱ ለእኛ ቤት ጥቂት አልነበረም።

በግዴታ ግን አላምንም። ኦስትሪያ ክትባትን በሕግ አስገድዳ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2022 ሥራ ላይ አዋለችው፤ በወሩ አገደችው፣ በዚያው ዓመት ጨርሳ ሻረችው። እንግሊዝም የፈንጣጣን ክትባት እ.ኤ.አ. በ1853 ግዴታ አድርጋ፣ ከብዙ ተቃውሞ በኋላ በ1898 ኅሊናው ለማይፈቅድ ወላጅ በሕግ መውጫ ለመስጠት ተገድዳለች። የተጫነ ሰው እጁን ቢሰጥም ልቡን ይነሣል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ለልጁ የኩፍኝ ክትባት ሲጠራም አይመጣም። እህቴ፣ እናትዎን መጫን አልነበረብዎትም። ሰልፉ ባልነበረበት ሌላ ቀን ይዘዋቸው መመለስ ግን ነበረብዎት ብዬ አምናለሁ፤ ይህን የምለው ለመውቀስ አይደለም።

ምላሽ፦ የአዘዞዋ ልጅ

ሦስታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የመጨረሻው መልስ አሞኛል፤ እውነት ስለሆነ ግን ተቀብየዋለሁ።

ትናንት ማታ መልሶቹን ለእናቴ አነበብሁላት። የጠባሳው ነገር ሲነሣ ቀሚሷን ከትከሻዋ ገለጥ አድርጋ አሳየችኝ፤ አለ። ልጅ ሳለች ደምቢያ ውስጥ የተከተበችው ነው። ከታቢው በማግሥቱ በዚያው መንደር አድሮ፣ ከቀናት በኋላም ተመልሶ የሁሉንም ልጆች ክንድ እየገለጠ እንዳየ ነገረችኝ፤ እናቷ ወተት እንዳጠጣችውም ታስታውሳለች። ከዚያ በፊት አንድም ቀን አንሥታልኝ አታውቅም።

ቀጥሎ ያንን ቀን ለምን እንደ ተነሣች ጠየቅኋት። «ተቆጥታኝ አይደለም» አለችኝ። «ገና ሳልወጋ እንዲህ ካለችኝ፣ ተወግቼ ቢያመኝ ማን ይጠይቀኛል ብዬ ነው።»

ጤና መኮንኑን አንድ ነገር ልጠይቅ። እናቴ ለሳንባዋ ክትትል በሚቀጥለው ሳምንት ቀጠሮ አላት፤ ለዕድሜዋና ለሕመሟ ዛሬ የሚመከር ክትባት ካለ እዚያው ልታነሣው ትፈልጋለች። ጥያቄዎቿን በወረቀት አስጽፋኛለች፤ አምስት ናቸው። የመጀመሪያው ያው የኪኒኑ ጥያቄ ነው፤ መልሱን ከእርስዎ ሰምታዋለች፣ ነገር ግን ከሚወጋት ሰው አፍ መስማት አለብኝ ብላለች።

መልስ፦ ጡረተኛው ጤና መኮንን

አምስቱንም ይዘው ይሂዱ፤ የሚወስዱትን መድኃኒት ከነካርቶኑ ቢይዙ ደግሞ መልሱ ይፈጥናል። ከተከተቡ 15 ደቂቃ እዚያው ተቀምጠው ይቆዩ። ከዚያ በኋላ ባሉት ቀኖች የሚጠብቁትንና የማይጠብቁትን ስሜት፣ ካመማቸውም በየትኛው ስልክ ማንን እንደሚያገኙ ሳያስጽፉ አይውጡ። ቀጠሮው ስንት ሰዓት እንደሆነ ቢነግሩኝ እኔም እመጣለሁ፤ እናትዎን እግረ መንገዴን ልጠይቃቸው።