ፎሶሊያ ቀለሙ ሳይጠፋ፣ ሳይልፈሰፈስ እንዴት ይሠራል?

ጠያቂ፦ ለበያይነቱ ፎሶሊያ በካሮት ስሠራ ጥሩ አረንጓዴ ሆኖ ይገባና ቡናማ ነገር ሆኖ ይወጣል። ሽንኩርት አቁላላለሁ፣ ቲማቲም እጨምራለሁ፣ ከዚያ ሁሉንም አንድ ላይ ከትቼ በትንሽ ውኃ ከድኜ 20 ደቂቃ አበስለዋለሁ። «ቤኪንግ ሶዳ ጨምሪበት» ያሉኝም አሉ። ምኑ ላይ ነው የምሳሳተው?

ባለ ወንፊቷ፦ ቲማቲሙና ክዳኑ ላይ ነው እህቴ። አረንጓዴውን የሚሰጠው ክሎሮፊል ውስጥ ማግኒዚየም አለ፤ ሙቀትና አሲድ ሲያገኙት ማግኒዚየሙ ይለቅና ቀለሙ ይጠወልጋል። አሲድ ደግሞ ከፎሶሊያው ከራሱም ይወጣል። ድስቱ ክፍት ከሆነ ከእንፋሎቱ ጋር ይሄዳል፣ ከከደንሽው ግን ክዳኑ ላይ ጤዛ ሆኖ ተመልሶ ይንጠባጠብበታል።

ለግማሽ ኪሎ 3 ሊትር ውኃ ጣጂ፤ ሲንተከተክ 2 የሾርባ ማንኪያ ጨው ጨምሪ። ፎሶሊያውን ጫፍና ጫፉን ቀንጥሰሽ፣ ክር ካለው ክሩን ስበሽ፣ ሁለት ጊዜ ከፍለሽ ክተቺው፤ አንዴ ከተደፋ ፍላቱ ይሞታል። ከ4ኛው ደቂቃ ጀምሮ አንድ አንድ እያወጣሽ ንከሺ። ቀጭ ብሎ፣ የጥሬ ሣር ጣዕሙ ከጠፋ በቅቷል። ወዲያው በወንፊት አውጥተሽ በጣም ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ንከሪው፣ ከዚያ በደንብ አንጠፍጥፊው። ውኃ ይዞ ዘይት ውስጥ ከገባ ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም።

ደረቅ መጥበሻ፦ ቅቅሉ ጣዕሙን ውኃው ውስጥ ያስቀረዋል፣ እኔ አልመክርም። ሰፊ መጥበሻ፣ 3 ማንኪያ ዘይት፣ ጠንከር ያለ እሳት። ፎሶሊያውን 2 ደቂቃ አገላብጪ፣ 4 ማንኪያ ውኃ ጣል አድርጊና 3 ደቂቃ ብቻ ክደኚ፤ ከዚያ ከፍተሽ ውኃው እስኪደርቅ። በዚህ አጭር ጊዜ ቀለሙ አይጎዳም። ግን ለቀጭንና ለለጋ ፎሶሊያ ነው፤ ያረጀውና ፍሬ የቋጠረው የላይኛውን መንገድ ይፈልጋል።

ሳህን አጣቢ፦ ሶዳውን ተዪው። አረንጓዴውን ያቆየዋል፣ ግን ፎሶሊያውን አያይዞ የሚያቆመውን ነገር ስለሚያሟሟው ይልፈሰፈሳል፤ ቫይታሚን ሲውንም ይጎዳል። ቲማቲም ተቃራኒው ነው፤ ቀለሙን እያጠፋ ፎሶሊያውን ያጠነክረዋል፤ 20 ደቂቃ የፈጀብሽም በሱ ነው። ካላስቀረሽው ለብቻው ቁሌቱ ላይ አድርቀሽ መጨረሻ ላይ ቀላቅዪው።

ደቂቃውንም ከውጭ ቪዲዮ አትቅጂ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ ውኃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ 3 ደቂቃ የሚበቃው እዚህ 5 ወይም 6 ይላል።

ጠያቂ፦ ካሮቱስ? አብሮ ይገባል?

ባለ ወንፊቷ፦ ከፎሶሊያው ሳይወፍር ቁረጪና 2 ደቂቃ አስቀድመሽ ክተቺው። ቁሌቱ 1 ትልቅ ቀይ ሽንኩርትና 4 ፍንካች ነጭ ሽንኩርት ይበቃዋል፤ ሽንኩርቱ ሳይቀላ ፎሶሊያውንና ካሮቱን ጨምረሽ 2 ደቂቃ ማገላበጥ ነው። ከእሳት ካወረድሽ በኋላ ቃሪያውን ጨምሪ። በትኩሱ ጎድጓዳ ሳህን ላይ አትከምሪው፣ በራሱ ሙቀት መብሰሉን ይቀጥላል፤ ትሪ ላይ በትነሽ አቀዝቅዢው።