«ማርያምን ለዚህ አማላጅ የለኝም» ምን ማለት ነው?

ጥያቄ፦
ከልጄ ጋር የዐፄ ምኒልክን የ1888 ዓ.ም. የክተት አዋጅ እናነብ ነበር። «ወስልተህ የቀረህ ግን ኋላ ትጣላኛለህ፤ አልተውህም፤ ማርያምን ለዚህ አማላጅ የለኝም» ከሚለው ስንደርስ «ንጉሡ ማርያም አታማልደኝም እያሉ ነው?» አለችኝ። እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ነገር ግን «ን» እዚያ ምን እንደምትሠራ ማስረዳት አቃተኝ። ደግሞስ «ወረኢሉ (የወሎ ከተማ ናት) ከተህ ላግኝህ» ሲሉ «ከተህ» ከ«ከተማ» ጋር ይዛመዳል?

መልስ፦
እህቴ፣ ልጅሽ ጥሩ ጠይቃለች። «ን» የመሐላ ናት። ዛሬም «ማርያምን!»፣ «እግዚአብሔርን!» ብለን እንምላለን፤ ግሱ ተውጦ ስሙ ብቻ ይቀራል። ስለዚህ ከ«ማርያምን» በኋላ ትንፋሽ ወስደሽ አንብቢው። አዋጁ በነጋሪት ለተሰበሰበ ሕዝብ የተነገረ ነውና ያን ዕረፍት ሰሚው ከአዋጅ ነጋሪው ድምፅ ያገኘው ነበር፤ እኛ በወረቀት ስናነበው ጠፋብን።

አማላጅ የተባለውም ከንጉሡ ፊት ቆሞ ለጥፋተኛ ምሕረት የሚለምን ሰው ነው። ያጠፋ ሰው ካህን ወይም መኳንንት ልኮ ማስለመኑ የታወቀ መንገድ ነበር፤ ምኒልክ ያንን መንገድ አስቀድመው ዘጉት። የዘጉትም በማን ስም እንደሆነ ተመልከቺ፦ ሕዝቡ አማላጄ በሚላት በማርያም ስም! ይህን ዐረፍተ ነገር ባነበብሁ ቁጥር ይገርመኛል።

«ከተህ» የ«ከተተ» ነው። የ«ከተመ» ቢሆን «ከትመህ» ይባል ነበር። ዛሬ ልብስ ሻንጣ ውስጥ እንከታለን፤ በጦርነት ቋንቋ ግን መክተት ሠራዊቱ ወደ አንድ ስፍራ ተጠቃሎ መግባቱ ነው። «ክተት ሠራዊት፣ ምታ ነጋሪት» የሚለውም ከዚሁ ነው።

ሌላ መልስ፦
በመሐላው እስማማለሁ፤ የአዋጁ ጉልበት ግን ከዛቻው በፊት ያለ ይመስለኛል። ንጉሡ «ያገሬ ሰው ከአሁን ቀደም የበደልሁህ አይመስለኝም፤ አንተም እስካሁን አላስቀየምኸኝም» ብለው ሂሳብ ይተሳሰባሉ። ሕዝቡን በነጠላ «አንተ» ስለሚሉት እያንዳንዱ ሰሚ እኔን ነው የሚል ስሜት ያድርበታል። ጠላትንም «እንደ ፍልፈል መሬት ይቆፍር ጀመር» ብለው ሣሉት። ፍልፈል እርሻውን ከሥር ሲያበላሽበት ያየ ገበሬ ለዚህ ማብራሪያ አያሻውም። «ወስልተህ»ን ደግሞ በዛሬው «ወስላታ» ብቻ አትረጂው፤ እዚህ ላይ እየቻለ ሰበብ ፈጥሮ ከግዳጅ የሚያመልጠውን ይመለከታል።

ጠያቂዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንድ ነገር ልጨምር፤ ጉልበት የሌለው «በሐዘን እርዳኝ» መባሉስ? ሐዘን እንዴት ይረዳል?

መልስ፦
«አዘነልኝ» ስንል ራራልኝ፣ ጭንቀቴን ተካፈለ ማለታችን አይደል? ብዙዎች ጸሎት ብለው ይተረጉሙታል፤ እኔም ጸሎቱ በውስጡ እንዳለ አምናለሁ። ነገር ግን «ሐዘን» ይሰፋል። ጦር ማንሳት የማይችለው ሽማግሌ፣ ታማሚውም፣ ቤት የምትጠብቀዋም ልባቸው ከዘማቹ ጋር እንዲውል ተጠየቁ። ለሚችለውም ለማይችለውም ድርሻ ሰጥተው ከጨረሱ በኋላ ነው «ወስልተህ የቀረህ ግን» ያሉት። «ግን» የምትለዋን ለልጅሽ አሳዪያት፤ ከዚያ በኋላ ሰበብ የሚሆን ነገር አልተረፈም።