«ከዝን» የማን ልጅ ነው? የአጎት ወይስ የአክስት?

ዘኮርክ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ቃል እንቅልፍ ነስቶኛል። ባለቤቴ አይሪሽ ነው፣ የአየርላንድ ሰው። የአያቶቹ አገር ቤራ ይባላል፣ ከኮርክ ከተማ በስተምዕራብ ወደ አትላንቲክ የገባ ተራራማ መሬት ነው። ለልጃችን የአባቷን ዘር በአማርኛ እየጻፍኩላት ነው፣ እናቴም አገር ቤት ሆና ታነበዋለች። አንድ ሰውዬ ጋ ስደርስ ግን ቆምኩ።

በ1901 የሕዝብ ቆጠራ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) ቅጹ ላይ ከአባወራው ጋር ያለው ዝምድና የሚሞላበት ዓምድ አለ። ሰውየው 30 ዓመቱ ነው፣ ዝምድናው «ኔፊው» ይላል። በ1911 ያው ሰው በዚያው ቤት «ከዝን» ሆኗል። በአማርኛ ምን ልበለው?

የሸዋ ልጅ፦
እህቴ፣ መጀመሪያ የቅጹን የመጀመሪያ መስመር እዪው። አባወራው በሁለቱም ጊዜ አንድ ሰው ነው? ዝምድናው የሚቆጠረው ከእሱ እኮ ነው። አባትየው ሞቶ ልጁ አባወራ ከሆነ፣ ትናንት ለአባት የወንድም ልጅ የነበረው ዛሬ ለልጁ የአጎት ልጅ ይሆናል። ሰውየው አልተቀየረም፣ የሚጠራው ነው የተቀየረው።

ዘኮርክ፦
ውይ፣ ተባረክ! እውነትም በ1911 አባወራው ልጁ ነው። የቀድሞው አባወራ ሚስት «እናት» ተብላ ከታች ወርዳለች። እኔ ስሙን ብቻ እየተከተልኩ መስመሩን ዘልዬዋለሁ። ደግሞ አንድ ነገር፣ እሷ በ1901 ዕድሜዋ 52 ነው የተባለው፣ በ1911 ግን 70። በ10 ዓመት 18 ዓመት ጨመረች። ሌላ ሴት ትሆን እንዴ?

ነገረ ፈጅ፦
ሌላ ሴት አይደለችም፣ እሷው ናት። የአረጋውያን ጡረታ ሕግ በ1908 ወጣ፣ ክፍያው በጥር 1909 ተጀመረ፣ የሚከፈለውም 70 ለሞላው ነው። የካቶሊኮች ልደት በመንግሥት መዝገብ መግባት የጀመረው ደግሞ በ1864 ነው፤ ከዚያ በፊት የተወለደ ሰው ሰርተፊኬት የለውም። ስለዚህ በ1901 ዕድሜውን በግምት የተናገረው ሁሉ በ1911 በድንገት አረጀ። በአይሪሽ መዝገብ ዕድሜን ይዞ ሰውን መለየት አያስኬድም፣ አብረው ከሚኖሩት ሰዎች ነው የሚለየው። የቀድሞዎቹ ቆጠራዎች ቢኖሩ በቀላሉ ይጣራ ነበር። ግን የ1821 እስከ 1851 አብዛኛው በ1922 በደብሊን ፎር ኮርትስ በሚባለው የፍርድ ቤት ሕንፃ ከመዝገብ ቤቱ ጋር ተቃጠለ። የ1861ና የ1871 ቀድሞውኑ በመንግሥት ተወግደው ነበር። የ1881ና የ1891 ደግሞ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ወረቀት ጠፍቶ ወፍጮ ውስጥ ገቡ።

ዘኮርክ፦
አመሰግናለሁ፣ ያ ገባኝ። ጥያቄዬ ግን ገና ነው። «ኔፊው» ስል የወንድም ልጅ ነው ወይስ የእህት ልጅ? «ከዝን»ስ የአጎት ልጅ ነው የአክስት? እንግሊዝኛው አይለይም። አማርኛው ሳይለይ አያጽፈኝም። በስም ልለየው ብል ሁሉም ሱሊቫን ነው። ሰውየው ሱሊቫን፣ አባወራው ሱሊቫን፣ የሚስትየው የአባቷ ቤት ስምም ሱሊቫን! ቤራ ውስጥ ግማሹ አገር ሱሊቫን ነው ማለት ይቻላል። በዚያ ላይ የመጀመሪያው ወንድ ልጅ በአባት አባት ስም፣ ሁለተኛው በእናት አባት ስም ነበር የሚጠራው። የአንድ አያት አምስት ወንዶች ልጆች ካሉ አምስት የልጅ ልጆች አንድ ስም ከነአባት ቤታቸው ይዘው በአንድ መንደር ይሮጣሉ ማለት ነው።

ከባልና ሚስቱ የጋብቻ መዝገብ፣ 1869፣ ይህችን መስመር አገኘሁ። ላቲን ናት፤ እንደምትነበበው ልጻፋት፦ «ዲስፔንሳቱም ኢን ሰኩንዶ ኤት ቴርሲዮ ግራዱ ኮንሳንጉዊኒታቲስ»። ቄሱ «2» ጽፎ ከላይ ትንንሽ ፊደል ሰክቶበታል፣ «3»ም ላይ እንደዚያው።

የድጓው ልጅ፦
ቃል በቃል፦ «በሁለተኛና በሦስተኛ የሥጋ ዝምድና ደረጃ ላይ ፈቃድ ተሰጠ»። ባልና ሚስቱ ራሳቸው ዘመዳሞች ናቸው ማለት ነው። ያለ ፈቃድ መጋባት አይችሉም ነበርና ከጳጳስ በኩል ተፈቀደላቸው። አቆጣጠሩ እንዲህ ነው። ከጋራ አባት ጀምረሽ ወደ ታች ትቆጥሪያለሽ። እህትና ወንድም አንደኛ፣ የእነሱ ልጆች ሁለተኛ፣ የልጅ ልጆች ሦስተኛ። ሁለቱ ቁጥሮች አብረው ሲጻፉ ቁመቱ እኩል አይደለም ማለት ነው። ለአንዳቸው አያት የሆነው ሰው ለሌላኛቸው ቅድመ አያት ነው።

ምዕራቦቹ ድሮ እስከ ሰባት ነበር የሚከለክሉት። በ1215 በላተራን ጉባኤ ወደ አራት አወረዱት። የእኛው ሰባት ቤት እስከ ዛሬ ሰው አፍ ላይ አለ።

የሸዋ ልጅ፦
የኔታ፣ እዚህ ላይ አልስማማም፣ ይቅርታዎን። እርስዎ የላቲኑን ቁጥር በእኛ ቤት ላይ እየለኩ ነው። እኛ ጋ ወንድማማች ገና አንድ ጎጆ ናቸው፣ ቤት አይባሉም። አንድ ቤት የሚባሉት የወንድማማች ልጆች ናቸው። ታዲያ ሰባት ቤት የእኛ ከእነሱ ሰባት በአንድ ትውልድ ይርቃል።

የድጓው ልጅ፦
ወንድማማች ቤት ካልሆነ ምኑ ነው ቤት? አባት ግንድ ነው፣ ልጆቹ የመጀመሪያው ቅርንጫፍ ናቸው። እኔ ከመምህሬ እግር ሥር ቁጭ ብዬ የሰማሁት ይህን ነው። «ሰባት ቤት» ሲባል ከወንድማማች ተነሥቶ ነው።

የሸዋ ልጅ፦
እኔ ደግሞ ከሴት አያቴ ነው የሰማሁት። ሽማግሌ ተቀምጦ ልጅ ሲጠየቅ፣ ቆጠራው ከየት እንደሚጀመር ሳይስማሙ ሁለት ቀን ሲከራከሩ አይቻለሁ። ልጅቷም ልጁም ውጭ ቆመው ይጠብቁ ነበር። ቀልድ አይደለም፣ በአንድ ቤት ልዩነት ሰርግ ይቀራል።

እናት በጎልዌይ፦
በዚህ ላይ ሦስተኛ አቆጣጠር ልጨምርላችሁ። ልጆቼ የሚማሩት በአይሪሽ ቋንቋ ነው፣ እኔም የቤት ሥራቸውን ሳግዝ ትንሽ ትንሽ ለቅሜያለሁ። አይሪሾች የአጎት ወይም የአክስት ልጅን «ኮል ካህሪር» ይሉታል። «ኮል» ዝምድና ነው፣ «ካህሪር» አራት ሰው። የእነሱ ልጆች እርስ በርስ «ኮል ሼሺር»፣ ስድስት። ቀጥሎ «ኮል ኦኽቲር»፣ ስምንት። አንዱ ወገን በአንድ ትውልድ ዝቅ ካለ «ኮል ኩጊር»፣ አምስት። ስለዚህ ያንኑ ጥንድ እንግሊዝኛው «አንደኛ ከዝን» ይለዋል፣ ላቲኑ «ሁለተኛ ደረጃ»፣ አይሪሹ «አራት»። የእህታችን 2ና 3 በአይሪሽ አምስት ነው። ቁጥር አይታችሁ እንዳትደነግጡ፣ መጀመሪያ በየትኛው ቋንቋ እንደተቆጠረ እዩ።

ነገረ ፈጅ፦
ያ የሮማ ሕግ አቆጣጠር ነው እኮ። ወደ ጋራ አያት ሁለት ትወጣለህ፣ ሁለት ትወርዳለህ፣ አራት። ቤተ ክርስቲያናቸው እስከ 1983 አንዱን ወገን ብቻ ትቆጥር ነበር። ግሩም ነው።

ሥርወ ቃል፦
ቆይ ቆይ ቆይ። «ኮል» አላችሁ? መዝገበ ቃላታቸውን አየሁ። «ኮል» ዝምድና ብቻ አይደለም፣ ለጋብቻ ክልክል የሆነ ነገር፣ ከዘመድ ጋር የሚሠራ ኃጢአት ማለትም ነው። አሁን የእኛን ግዕዝ ተመልከቱ፦ ከልአ፣ ከለከለ። ይኸው! ደግሞ ክልኤ ሁለት ነው፣ የድጓው ልጅ ሁለተኛ ደረጃ ያሉትም እሱን ነው። ክልክልና ሁለት በአንድ ሥር ተገናኙ። ይህ ዝም ብሎ የመጣ አይመስለኝም።

የድጓው ልጅ፦
ወንድሜ፣ ዝም ብሎ የመጣ ነው። ከልአና ክልኤ በግዕዝ ውስጥ እንኳ አንድ ሥር ናቸው ለማለት ማስረጃ ያስፈልጋል፣ አንተ ግን ባሕር አሻግረህ ወሰድካቸው። የአይሪሹ ቃል በዌልስ ቋንቋ እህት አለችው፣ ትርጉሟም ጥፋት ነው። የዘር ሐረጉን ከጎረቤቱ ፈልግለት። ቅኔ ቤት ቃል በድምፅ ብቻ ያገናኘ ተማሪ ይገሠጽ ነበር።

ሥርወ ቃል፦
ተግሣጹን ተቀብያለሁ፣ የኔታ። ግን ሐሳቡ ያምራል።

እናት በጎልዌይ፦
ወደ እህታችን ጥያቄ ልመለስ፣ ምክንያቱም አይሪሽ ከአማርኛ ጋር የሚገናኝበት ሌላ ቦታ አለ። እነሱም እንደኛ የወንድም ልጅና የእህት ልጅ ይለያሉ፣ «ማክ» ብለው ልጅ፣ ከዚያ «የወንድሜ» ወይም «የእህቴ»። ለአጎት ልጆችም «የሁለት ወንድማማች ልጆች» የሚል አባባል አላቸው፣ የእህትማማች ከሆነም እንደዚያው። በ1901 ቤራ ውስጥ አይሪሽ የሚናገር ብዙ ነበር፣ ቅጹ ላይ የቋንቋ ዓምድ ስላለ እዪው። አባወራው ማንበብና መጻፍ ካልቻለ የሚሞላለት ፖሊሱ ነበር። ሰውየው በአፉ «የእህቴ ልጅ» ብሎ ሊሆን ይችላል፣ ፖሊሱ በእንግሊዝኛ «ኔፊው» ብሎ ጨፈለቀው። የፈለግሽው ልዩነት የጠፋው ያኔ ብዕሩ ወረቀቱን ሲነካ ነው።

ሌላም ልንገራችሁ። ወንድም በጥንቱ ቃል «ብራሂር» ነበር። መነኮሳት ወሰዱት። አሁን «ብራሂር» ማለት የገዳም ወንድም ነው። ለሥጋ ወንድም «እውነተኛ» የሚል ቃል ከፊቱ ቀጥለው «ድሪሃር» አሉት። እህትም እንዲሁ፣ «ሹር» መነኩሲት ሆነች፣ የሥጋዋ «ድሪፉር»።

የድጓው ልጅ፦
ይህን አላውቅም ነበር፣ እጅግ ደስ ብሎኛል። ወንድም የሚለው ቃል ሁልጊዜ ሰፊ ነው። አብርሃም ሎጥን «እኛ ወንድማማች ነንና» ሲለው ሎጥ የወንድሙ ልጅ ነው። «ያዕቆብ የጌታ ወንድም» ላይ ስንት ብራና እንዳለቀ አስቡ።

የሸዋ ልጅ፦
ታዲያ የወንድም ልጅ ወንድም ከተባለ፣ ወንድማማች አንድ ቤት ናቸው ያሉት ፈረሰ እኮ የኔታ።

የድጓው ልጅ፦
አልፈረሰም። እንዲያውም ጸና። አስረዳለሁ፣ ታገሥ።

ዘኮርክ፦
እናንተ ስትከራከሩ እኔ ለእናቴ ደወልኩ። «ከዝን» አላልኳትም። «እማዬ፣ ቤት ውስጥ አንድ ዘመድ አለ» አልኳት። ወዲያው «በማን በኩል?» አለችኝ። ነገሩ ሁሉ እሱ ነው፣ ቅጹ ያልጠየቀው ጥያቄ። ባልና ሚስቱ ዘመዳሞች ስለሆኑ ደግሞ «በሁለቱም» ሊሆን ይችላል ስላት ሳቀች፣ «እንግዲያው ልጁ የቤቱ ነው፣ የቤቱ ልጅ በይው» አለችኝ።

ሌሊት የሰውየውን የጥምቀት መዝገብ አገኘሁት። የደብር መዝገቦቹ ከ2015 ጀምሮ በብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ ገጽ በነጻ ተለቀዋል፣ የፊልም ፎቶ ናቸው፣ አንዳንዱ ገጽ ጥቁር ነው። እናቱም ሱሊቫን! እነዚያ ሰዎች ስም ብቻ ስለማይለያቸው ለየቤቱ ቅጽል ስም ነበራቸው፣ አንዳንድ ቄስም ይጽፈው ነበር። በአባቱ ስም አጠገብ ቅጽሉ አለ፣ ቀለሙ ግን ፈስሶበታል። የመጀመሪያ ፊደሉን ብቻ አነበብኩ። ከአባወራው ቤት ቅጽል ጋር ይመሳሰላል፣ ግን አልምልም። ደግሞ ክርስትና ያነሣችው ማን መሰለቻችሁ? ያችው የአባወራው ሚስት። እንግዲህ በእናት በኩል ሳይሆን በአባት በኩል እንኳ ቢሆን፣ ለእሷ የክርስትና ልጇ ነው።

እናት በጎልዌይ፦
ኧረ ይሄ ትልቅ ነገር ነው! አይሪሾች የክርስትናን ዝምድና «የክርስቶስ ወዳጅነት» ብለው ነው የሚጠሩት። ወላጅ አልባ ቀርቶ ወደዚያ ቤት የገባው በእሷ በኩል ሊሆን ይችላል።

ነገረ ፈጅ፦
በ1366 የኪልኬኒ ሕግ እንግሊዞቹ ሰፋሪዎች ከአይሪሾች ጋር እንዳይጋቡ፣ ልጅ ለማሳደግ እንዳይሰጣጡና አበልጅ እንዳይሆኑ ከልክሎ ነበር። አበልጅነት በሕግ የሚከለከለው ሥጋን ያህል ስለሚያስተሳስር ነው። በእኛም የጡት ልጅ አለ፣ የክርስትና ልጅ አለ፣ ሁለቱም ከጋብቻ ያግዳሉ።

ሥርወ ቃል፦
አበልጅ ካነሣችሁ ዘንድ። እኔ «አበ ልጅ»፣ የልጅ አባት ነው ባይ ነኝ፣ እንደ «አበ ነፍስ»። ግን «ልጅ» አማርኛ ነው፣ «አበ» የግዕዝ አነጋገር ነው። እንዴት ተጣበቁ?

የድጓው ልጅ፦
አሁን ደህና ጥያቄ ጠየቅህ። ተቀመጥ።

ዘኮርክ፦
የኔታ፣ ከመቀጠልዎ በፊት፣ ልጄ ሠንጠረዡ ላይ ያችን ባዶ ሳጥን በእርሳስ ከብባ «ይሄስ ማነው?» እያለችኝ ነው። ምን ልጻፍ?

የሸዋ ልጅ፦
አንድ ቤት።

የድጓው ልጅ፦
ሁለት ቤት።