ሙስናን መዋጋት ከማን ደጅ ይጀምር?

አወያይ፦ በኅዳር 2015 ዓ.ም. ብሔራዊ የፀረ ሙስና ኮሚቴ ሲቋቋም ብዙዎቻችን ጆሯችንን ጣል አድርገን ነበር። ዛሬ የምንከራከረው በኮሚቴው ላይ አይደለም፤ አንድ የአገር መሪ ሙስናን ከልቡ ልዋጋ ቢል መጀመሪያ ምን ያድርግ?

የቀድሞ የመሬት ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ፦ ደመወዝ ይጨምር። ለዓመታት በመሬት ጉዳይ ሠርቻለሁ። የቤት ኪራይ መክፈል ያቃተው ሰው ፊት የሚሊዮን ብር ይዞታ ፋይል ታስቀምጡና ንጹሕ ሁን ትሉታላችሁ። የተራበን ሰው ጎተራ አስጠብቆ ማሰር መፍትሔ አይደለም።

ጠበቃ፦ ወንድሜ፣ ችግሩን አልክድም፤ ቅደም ተከተሉ ግን አይደለም። ሁሌ የምንጠቅሳት ሲንጋፖር በ1959 እ.ኤ.አ. ጠቅላይ ሚኒስትር ሊ ኩዋን ዩ ሥልጣን ሲይዙ የመንግሥት ሠራተኛውን አበል ቀነሰች እንጂ አልጨመረችም። በማግስቱ ዓመት ጠንካራው የፀረ ሙስና ሕግ ወጣ። የሚኒስትሮች ደመወዝ ከግሉ ዘርፍ ጋር እንዲመጣጠን የተደረገው ከብዙ ዓመታት በኋላ በ1994 ነው። ሕጉ ቀደመ፤ ገንዘቡ ተከተለ።

ነጋዴ ሴት፦ እናንተ ስለ ሚኒስትር ታወራላችሁ፤ እኔን የሚያንገበግበኝ መስኮቱ ላይ ያለው ነው። እናቴ የቤቷን ካርታ ለማሳደስ ወረቀቷን በፌስታል ጠቅልላ አንድ ጽሕፈት ቤት ስድስት ጊዜ ተመላልሳለች። «እማማ፣ ፋይሉ ጠፍቷል፤ ነገ ይምጡ።» በሰባተኛው ጉዳይ ገዳይ ያዝን። በማግስቱ ፋይሉ ተገኘ፤ አቧራ እንኳ አልነበረበትም! እናቴ ገንዘቡ አይደለም ያስለቀሳት፤ ስድስት ቀን ሙሉ ፋይሉ እዚያው መሳቢያ ውስጥ እንደነበር ማወቋ ነው። ስለዚህ መሪው ከታች ይጀምር። ጆርጂያ ከ2003ቱ (እ.ኤ.አ.) አብዮት በኋላ ጉቦ የለመዱትን የትራፊክ ፖሊሶች በሺዎች አሰናብታ በአዲስ ተክታለች። ሕዝቡ ለውጡን ያመነው መንገድ ላይ ስላየው ነው።

ጠበቃ፦ እህቴ፣ የእናትሽ ነገር ያማል። የጆርጂያውም እውነት ነው፤ ግን ታሪኩን እስከ መጨረሻው እንከተለው። ያን ጽዳት የመሩት ፕሬዚዳንት ሳካሽቪሊ በ2018 እ.ኤ.አ. ሥልጣንን አላግባብ በመጠቀም በሌሉበት ተፈርዶባቸዋል። መንገዱን ያጸዳው እጅ ቤተ መንግሥቱን የሚያይ ዓይን አልተወም።

መምህር፦ እኛስ ዘንድ? የፀረ ሙስና ኮሚሽኑ በ1993 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ የሀብት ምዝገባ አዋጅ በ2002 ወጣ። ተቋም አልጎደለንም፣ አዋጅ አልጎደለንም። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚል ሕዝብ ነን። ከባህሉ ካልጀመርን መሪው ምን ያመጣል?

ጠበቃ፦ ባህልን የሚቀርጸው የሚታይ ፍርድ ነው። ኮሚሽኑ በተወለደበት ዓመት ምን ታየ? ገዥው ፓርቲ ለሁለት በተሰነጠቀ ማግስት ከተሸናፊው ወገን የነበሩት የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር አቶ ስዬ አብርሃ በሙስና ተጠርጥረው ታሰሩ። ዳኛ ብርቱካን ሚደቅሳ ዋስትና ፈቀዱላቸው፤ ወዲያው ተመልሰው ተያዙ፤ ምክር ቤቱም በጥድፊያ ለሙስና ተጠርጣሪ ዋስትና የሚከለክል ሕግ አወጣ። ሰውየው ጥፋተኛ ይሁኑ አይሁኑ ለጊዜው እንተወው። ሕዝቡ የተማረው ግን «ሙስና የተሸነፈ ሰው ወንጀል ነው» የሚል ትምህርት ነው፤ እስካሁንም አልረሳውም።

ከዚያ በ2008 ዓ.ም. የመክሰስ ሥልጣን ከኮሚሽኑ ወጥቶ ወደ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ፣ ምርመራው ወደ ፌዴራል ፖሊስ ሄደ። ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ዛሬ የፍትሕ ሚኒስቴር ነው። የፍትሕ ሚኒስትሩ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ጋር በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣል። ከጎኑ የተቀመጠውን ባልደረባውን እንዲከስ ነው የምንጠብቀው?

ነጋዴ ሴት፦ ታዲያ መሪው ምን ያድርግ ነው የምትለው? ራሱን ይክሰስ?

ጠበቃ፦ ምርመራን የማስጀመርና የማስቆም ሥልጣንን ከራሱ እጅ ያውጣ። ሥራው ይኸው ነው፤ ከባዱም ይኸው ነው። በ1986 እ.ኤ.አ. የሲንጋፖር ሚኒስትር ቴ ቺያንግ ዋን በጉቦ ሲጠረጠር ጠቅላይ ሚኒስትር ሊን ለማነጋገር ጠይቆ ነበር፤ ሊ ምርመራው ሳያልቅ አላገኝህም አሉት። ይህ የአንድ ሰው ጽናት ነው፤ ሰው ደግሞ ይለወጣል። ስለዚህ በ1991 ሕገ መንግሥቱን አሻሻሉ፦ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ምርመራ ቢከለክል እንኳ የሙስና ምርመራ ቢሮው ኃላፊ በፕሬዚዳንቱ ፈቃድ መቀጠል ይችላል። ኬንያን ደግሞ ተመልከቱ። ጆን ጊቶንጎን በ2003 ፕሬዚዳንት ኪባኪ ራሳቸው የፀረ ሙስናውን ሥራ እንዲመራ ሾሙት፤ ቢሮው በፕሬዚዳንቱ ጽሕፈት ቤት ሥር ነበር። የመንግሥት ገንዘብ በሌለ ኩባንያ ስም የወጣበትን የአንግሎ ሊዚንግ ውል ተከትሎ ወደ ሚኒስትሮቹ ሲጠጋ ግን የሚከልለው ሕግ አልነበረም፤ በ2005 ለንደን ሆኖ ሥራውን ለቀቀ።

መምህር፦ የእኛ ፕሬዚዳንት እኮ ያን ያህል ሥልጣን የላቸውም። ፈቃዱ ከማን ይምጣ?

ጠበቃ፦ ከፍርድ ቤት ሊሆን ይችላል፤ ተቃዋሚዎች ከሚመሩት የምክር ቤት ኮሚቴም ሊሆን ይችላል። እኔ ፍርድ ቤቱን እመርጣለሁ፤ የዳኞቹ አሿሿም ግን ራሱን የቻለ ክርክር ነው።

የቀድሞ የመሬት ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ፦ ስለ ደመወዙ ሐሳቤን አልቀየርኩም። አንድ ነገር ግን ልናገር። አንድ ጊዜ አለቃዬ ስልክ ደውሎ ያለ ጨረታ ቦታ እንድመራ አዘዘኝ። እምቢ ብዬ ለበላይ አካል አቤቱታ ጻፍኩ፣ ፈርሜ። በሳምንቱ አለቃዬ አስጠራኝ። ደብዳቤዬ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ኅዳጉ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ለሚመለከተው፣ ተጣርቶ ይቅረብ» ተብሎ ለእርሱው ተመርቶለታል።