እናቴ አጥንቷ ሳስቷል ተባለ፤ ትረፍ ወይስ ትንቀሳቀስ?

ኮተቤ ነኝ፦
ጤና ይስጥልኝ። እናቴ 64 ዓመቷ ነው። ክረምት ላይ ግቢ ውስጥ አዳልጧት እጇ ተሰበረ። ጄሶው ከወጣ በኋላ ተመርምራ አጥንቷ ሳስቷል ተባለ። ሐኪሙ በሳምንት አንዴ የሚዋጥ ኪኒን አዘዘላትና "እንቅስቃሴ ያድርጉ፣ ምግብዎን ያስተካክሉ" ብሎ ሸኛት።

ከዚያ ወዲህ መውደቅን ፈርታ ከወንበሯ አትነሳም። ጎረቤቶችም "እረፊ፣ አጥንትሽን አትነካኪው" ይሏታል። እግሯ እየቀጠነ ነው። ደግሞ አንድም ጾም አትገድፍም፤ ዐቢይ ጾም ደግሞ እየደረሰ ነው። ከሰዓት በኋላ ስስ ሽሮ በእንጀራ ትቀምሳለች፣ በቃ። ጾሙን ተዪው ማለት አልችልም። ምን ላድርግላት?

የሰፈር ሰው፦
አይዞሽ። ጾሙ ሳይገባ የአጥንት መረቅ በደንብ አጠጫቸው። አጥንትን የሚጠግነው አጥንት ነው።

ፊዚዮቴራፒስት ከሐዋሳ፦
እህቴ፣ ሥራዬ ከስብራት በኋላ ሰው መልሶ እንዲቆም መርዳት ነው። ከጾሙ ይልቅ እኔን የሚያስፈራኝ ወንበሩ ነው።

አጥንት ሕይወት አለው። አሮጌውን የሚያፈርሱና አዲሱን የሚገነቡ ሴሎች አሉት። ሴት ካረጠች በኋላ ኢስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን ስለሚቀንስ አፍራሾቹ ይቀድማሉ። ገንቢዎቹን የሚቀሰቅሳቸው ጫና ነው፤ ጡንቻ ሲጎትተው፣ የሰውነት ክብደት ሲያርፍበት። ጫና ሲጠፋ የሚሆነው በጠፈርተኞች ላይ ታይቷል። ክብደት በሌለበት ሲቆዩ ከዳሌ አጥንታቸው በወር ከ1 እስከ 1.5 በመቶ ያጣሉ። እነሱ ደግሞ ተመርጠው የሄዱ ጤነኞች ናቸው።

ጡንቻም ካልሠራ ይከሳል። ጥቅሙ ለመቆም ብቻ አይደለም። ከእንጀራው የሚገኘውን ስኳር በብዛት የሚወስደው እሱ ነው፤ ሲሠራ ደግሞ ኢንሱሊን ሳይጠብቅ እንኳ ከደም ይስባል። ስለዚህ ከምግብ በኋላ 10 ደቂቃ ያህል ግቢውን ይዙሩ፤ አንቺም አብረሻቸው።

"ለሳሳ አጥንት ክብደት አይሆንም" የሚባለውን ብዙ እሰማለሁ። አውስትራሊያ ውስጥ ያረጡና አጥንታቸው የሳሳ ሴቶች በባለሙያ ክትትል በሳምንት 2 ቀን፣ ለ30 ደቂቃ፣ ለ8 ወር ከባድ ክብደት አነሱ። ውጤቱ በ2018 እ.ኤ.አ. ታትሟል። የወገብ አጥንታቸው ጥግግት 2.9 በመቶ ጨመረ። ቤታቸው ቀላል እንቅስቃሴ የሠሩት ግን 1.2 በመቶ ቀነሰባቸው። እናትሽ ነገ ብረት ያንሱ እያልኩ አይደለም። ጠንካራ ወንበር ግድግዳ አስደግፊ። ይነሱ፣ ቀስ ብለው ይቀመጡ፣ 8 ጊዜ። አርፈው ይድገሙ። መጀመሪያ በእጃቸው ቢደገፉም ግድ የለም። እየቀለላቸው ሲሄድ ውኃ የያዘ ትንሽ ጀሪካን ደረታቸው ላይ አቅፈው ይነሱ። ጎንበስ ብሎ ከመሬት ዕቃ ማንሳት ግን ይቅር። የሳሳ የጀርባ አጥንት ብዙ ጊዜ የሚሰበረው በዚያ ነው።

ወደ ምግቡ ስመጣ፣ መረቁ ይጣፍጣል፤ ካልሲየሙ ግን ጥቂት ነው። ጾሙን አትንኪው፣ ሳህኑን ሙዪው። በሳቸው ዕድሜ ለአንድ ኪሎ ክብደት በቀን ከ1 እስከ 1.2 ግራም ፕሮቲን ያስፈልጋል። ስስ ሽሮ ብቻውን እዚያ አያደርስም። ወፈር ያለ ምስር ወጥ፣ የባቄላ ንፍሮ፣ የሽምብራ ቆሎ ጨምሪላቸው። ካልሲየም በቀን 1,200 ሚሊ ግራም ነው። ጤፍ እዚህ ላይ ያግዘናል፤ በ100 ግራም 180 ሚሊ ግራም ገደማ አለው። ሊጡ መቡካቱም ሰውነት ማዕድኑን እንዲያገኝ ይረዳል። ጎመን ከቆስጣ ይሻላል፤ የቆስጣው ኦክሳሌት ካልሲየሙን አስሮ ያስቀረዋል። ይህ ሁሉ ሆኖም ላይሞላ ስለሚችል ስለ ካልሲየም ኪኒን ሐኪማቸውን ጠይቂ።

ከሪያድ፦
ቫይታሚን ዲንም አስመርምሪላቸው። እኔ ፀሐይ በሞላበት አገር እየኖርኩ ዝቅ ብሎ ተገኘብኝ። ቀኑን ሙሉ ቤት ውስጥ ነኝ፣ ስወጣም ተሸፍኜ። ያለሱ ካልሲየሙ በደንብ አይመጠጥም አሉኝ።

ኮተቤ ነኝ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ዛሬ ወንበሩን ይዛ መነሳትና መቀመጥ ጀምራለች። አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ኪኒኑን ጠዋት በውኃ ዋጪ ተብላ ነበር። ጾም ነው ብላ ከሰዓት ከምግብ ጋር ትወስደዋለች። ችግር አለው?

ፊዚዮቴራፒስት ከሐዋሳ፦
አዎ፣ አለው። አሌንድሮኔት የሚባለው የአጥንት ኪኒን ከሆነ በባዶ ሆድ፣ በአንድ ብርጭቆ ንጹሕ ውኃ ነው የሚዋጠው። ከምግብ ጋር ከሆነ ወደ ሰውነት የሚገባው ኢምንት ነው። ከዋጡ በኋላ ቢያንስ 30 ደቂቃ ጋደም አይበሉ፣ ጉሮሮ ያቆስላል። ካልሲየም ከታዘዘ በሌላ ሰዓት ይሁን። ነገሩ በሳምንት አንድ ጠዋት ነው። የንስሐ አባታቸውን አማክሩ፤ ከኔም ካንቺም ይልቅ እሳቸውን ይሰማሉ። የኪኒኑን ስም ከማሸጊያው ላይ አይተሽ እዚህ ጻፊልኝ።