የሊኑክስ ከርነሉን (የኦፐሬቲንግ ሲስተሙን እምብርት) ካደስኩ በኋላ ላፕቶፑ ተኝቶ አይነሳም፤ የትኛው ለውጥ እንዳበላሸው እንዴት ልለይ?

ናቲ_ልደታ፦ ወገን ድረሱልኝ። ትናንት ማታ አፕዴት ካደረግኩ ጀምሮ ላፕቶፑን ከድኜ ስከፍተው ስክሪኑ ጥቁር ነው። ፋኑ ይዞራል፣ የካፕስ ሎክ መብራት ግን ብነካውም አይበራም። ፓወሩን ይዤ ካላጠፋሁት ወዲያ ወዲህ የለም፤ ያልተቀመጠ ሥራም በልቶብኛል። በድሮው ከርነል ስገባ ደህና ነው። ጥፋቱ የከርነሉ ነው ማለት ነው። የትኛው ኮሚት (ኮዱ ላይ የገባ አንድ ለውጥ) እንደሆነ አግኝቼ ሪፖርት ማድረግ እፈልጋለሁ። ከየት ልጀምር? ቶሎ በሉኝ፣ ነገ ከቤት ውጭ ነው የምሠራው።

ቡና_ኮምፓይለር፦ የኔም ታናሽ ወንድም እንዲሁ ነው፣ ከተኛ አይነሳም። እስካሁን ፓች አልወጣለትም።

አባ_ሼል፦ ልጄ፣ ዲስትሮው (የሊኑክስ ዓይነቱ) ምንድን ነው? ከስንት ወደ ስንት? «የድሮው» ብሎ ቨርዥን የለም። ዩኔም ማይነስ አር በልና የሁለቱንም ጻፍ። የሊኑክስ ፈጣሪ ሊኑስ ቶርቫልድስ ስንት ዓመት የሚጮኽበት ሕግ አለ፦ ትናንት የሚሠራ ነገር በአዲሱ ከርነል ካልሠራ ስህተቱ የከርነሉ ነው፣ የተጠቃሚው አይደለም። ግን ማስረጃ ሳትይዝ ሄደህ የሚሰማህ የለም። ባይሴክት (በሚሠራውና በማይሠራው ቨርዥን መሃል ያሉትን ኮሚቶች ለሁለት እየከፈሉ ጥፋተኛውን መፈለግ) ደግሞ እንደ ዋዛ አይገባበትም። በ2021 የወጣው 5.12 አርሲ 1 (የ5.12 የመጀመሪያ የሙከራ ቅጂ) ስዋፕ ፋይል (ራም ሲሞላ ዲስክ ላይ የሚያግዝ ፋይል) የሚጠቀም ሰው ዲስክ ላይ ያለቦታው እየጻፈ ፋይል ሲስተም ያበላሽ ነበር። ሊኑስ የታጉን (የቨርዥኑን መለያ) ስም ሳይቀር «ዶንት ዩዝ» ብሎ ቀየረው። መሃል ሜዳ ላይ ያለ ከርነል ቡት ስታደርግ ምን እንደሚገጥምህ አይታወቅም። ባክአፕ ያዝ።

ናቲ_ልደታ፦ ኡቡንቱ 24.04፣ ከ6.8 ወደ 6.11።

ቤቲ_ኔት፦ «የከርነሉ ነው» ለማለት አትቸኩል። አፕዴቱ የፈርምዌር (የሃርድዌሩ የውስጥ ሶፍትዌር) ፓኬጁንም አብሮ ቀይሮት ይሆናል። ኤንቪዲያ ካለህ ደግሞ ሞጁሉ (ከርነሉ ላይ የሚጫነው ድራይቨር) ለአዲሱ ከርነል ሳይገነባ ቀርቶ ሊሆን ይችላል፤ ዲኬኤምኤስ (የውጭ ሞጁሎችን ለየከርነሉ የሚገነባው) ስታተስ ብለህ እይ። እንዲህ ዓይነት የውጭ ሞጁል የተጫነበት ከርነል «ቴይንትድ» ይባላል። ገንቢዎቹ መጀመሪያ የሚሉህም «እሱን አውጥተህ ድገመው» ነው።

ናቲ_ልደታ፦ ኢንቴል ብቻ ነው፣ ኤንቪዲያ የለኝም። የድሮው ከርነልም የሚነሳው በዚሁ በአዲሱ ፈርምዌር ነው፤ ይሠራል። አሁንስ?

ቤቲ_ኔት፦ እንዲያ ከሆነ ክርክሬን አነሳለሁ። ይሄ ግን መጀመሪያውኑ መጻፍ ነበረበት።

ዮኒ፦ ግሩብ (ሲነሳ የሚመጣው መምረጫ) ላይ አድቫንስድ ኦፕሽንስ ግባና የድሮውን ከርነል ምረጥ ወንድሜ። ለኔ ሠርቷል።

ናቲ_ልደታ፦ እሱን እየተጠቀምኩ ነው አልኩ እኮ 😅

ቡና_ኮምፓይለር፦ ክዳኑን አትዝጋው፣ አለቀ። ቀልዱ ይቅርና የድሮውን በአፕት ማርክ ሆልድ አስረው። አለዚያ አንድ ቀን ኦቶሪሙቭ ጠርጎት ይሄድና መጠጊያ ታጣለህ።

ሰሊና_ሜሪላንድ፦ ናቲ፣ ጊት (የኮዱ ለውጦች ታሪክ የሚያዝበትን ፕሮግራም) ከመንካትህ በፊት ሁለት ነገር ሥራ።

መጀመሪያ በሁለቱም ከርነሎች ስላሽ ሲስ ስላሽ ፓወር ስላሽ ሜም_ስሊፕ የሚለውን ፋይል ካት አድርገህ አንብብ። «ኤስ2አይድል» (ቀላል እንቅልፍ) እና «ዲፕ» (ጥልቅ እንቅልፍ) የሚሉ ቃላት ታያለህ፤ በካሬ ቅንፍ ውስጥ ያለው አሁን የተመረጠው ነው። በድሮው ዲፕ፣ በአዲሱ ኤስ2አይድል ከሆነ የተቀየረው ዲፎልቱ ነው። ለዛሬ ዲፕን በከርነል ፓራሜትር መልሰህ ሥራህን ትቀጥላለህ።

አንድ ዓይነት ከሆኑ ኡቡንቱ የሜይንላይን (ከዋናው ምንጭ የወጡ) ከርነሎችን በዴብ (በሚጫን ፓኬጅ) ገንብቶ ያስቀምጣል፣ እነሱን አውርድ። ፊርማ ስለሌላቸው ሴኪዩር ቡትን ካላጠፋህ አይነሱም። ከአዲሱ ጀምር፤ ችግሩ ተስተካክሎ ከሆነ ልፋቱ ቀረልህ። ካልሆነ 6.9ን፣ ከዚያ 6.10ን ሞክር። ምንም ኮምፓይል ሳታደርግ ክልሉ ይጠብልሃል። ለመፈተን ክዳን አትክደን፤ አርቲሲዌክ የሚባለው ትዕዛዝ በሞድ ሜም 20 ሰከንድ አስተኝቶ ራሱ ይቀሰቅሰዋል። ደጋግመህ ካላስተኛኸው «ጉድ» (ደህና ነው) አትበል። አንድ የተሳሳተ «ጉድ» የቀረውን ፍለጋ በሙሉ ወደ ሌላ ኮሚት ይመራዋል።

ናቲ_ልደታ፦ ሜም ስሊፕ በሁለቱም ዲፕ ነው። አዲሱ ሜይንላይንም አይነሳም። 6.9 ጉድ፣ 6.10 ባድ (አይሠራም)፣ 6.10 አርሲ 1 ራሱ ባድ 🙌 ግን ጊት ክሎን (ሙሉውን ኮድ ማውረድ) በሞባይል ዳታ እንዴት ይሆናል? ጀምሬው መብራት ጠፋና ከዜሮ።

ሰሊና_ሜሪላንድ፦ ጎበዝ! አብዛኛው አዲስ ነገር የሚገባው ከአርሲ 1 በፊት ስለሆነ አይገርምም። ክሎን ከተቋረጠ አይቀጥልም፤ ከርነል ዶት ኦርግ ላይ «ክሎን ባንድል» የሚባል አንድ ትልቅ ፋይል አለ። በደብልዩጌት ማይነስ ሲ አውርደው፣ ካቆመበት ይቀጥላል። ከዚያ ከባንድሉ ክሎን አድርገህ ሪሞቱን (የኮዱን ምንጭ አድራሻ) ወደ ዋናው ትቀይራለህ።

በ6.9 እና በ6.10 አርሲ 1 መሃል ከ10 ሺህ በላይ ኮሚት አለ። ባይሴክት ግን በየዙሩ ግማሹን ስለሚጥል 14 ዙር ቢሆን ነው። ሜክ ሎካልሞድኮንፊግ ብለህ ኮንፊጉን (የሚገነቡትን ክፍሎች ዝርዝር) አሳንሰው፣ የኮምፓይሉ ጊዜ በጣም ያጥራል። ተጠንቀቅ፦ የሚያስቀረው በዚያች ሰዓት የተጫኑ ሞጁሎችን ብቻ ነው። ፍላሹን፣ ዶንግሉን፣ የምትጠቀምበትን ሁሉ ሰክተህ አስኪደው። የማይገነባ ኮሚት ከመጣ «ስኪፕ» በል፣ በግምት ጉድ ወይም ባድ አትበል።

አባ_ሼል፦ ስዋፕ ፋይሉንም አጥፋ።

ቤቲ_ኔት፦ አባ፣ እሱ 5.12 ነው። የናቲ ክልል ከ6.9 በላይ ነው።

ናቲ_ልደታ፦ ባንድሉን በሌሊት ፓኬጅ አወርደዋለሁ። ኮሚቱን ካገኘሁ ለማን ነው የምልከው?

ሰሊና_ሜሪላንድ፦ የጊት ባይሴክት ሎጉን ያዝ። ኮሚቱን አዲሱ ከርነል ላይ ሪቨርት አድርገህ (ቀልብሰህ) ችግሩ መጥፋቱን አረጋግጥ። ከዚያ ለኮሚቱ ጸሐፊና ለክፍሉ ሜንቴነር (ኃላፊ) ጻፍ፣ «ሪግሬሽንስ» የሚባለውን የከርነል ሜይሊንግ ሊስት ኮፒ አድርግ። የላፕቶፑን ሞዴል እንዳትረሳ፣ እዚህም አልነገርከንም።

ጆሲ_77፦ ናቲ የት ደረስክ? የኔም ከ6.11 በኋላ እንዲሁ ሆኗል።

ሰሊና_ሜሪላንድ፦ ጆሲ፣ የሱን አትጠብቅ። አዲስ ጥያቄ ክፈትና ሞዴልህን፣ ሜም ስሊፕህን፣ የጆርናልሲቲኤል ማይነስ ቢ ማይነስ 1 ማይነስ ኬን (ያለፈው ቡት የከርነል ሎግ) መጨረሻ መስመሮች ለጥፍ።

ጆሲ_77፦ እሺ። የኔ ግን ኤኤምዲ ነው፣ ለውጥ አለው?