«ቻኡሲኩ»፦ የሌሊት ወይስ የማታ?

የደሴ ልጅ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። የምሠራው ዶሃ ነው። አብራኝ የምትሠራ የታንጋ ልጅ አለች፤ ታንጋ በታንዛኒያ ባሕር ዳርቻ ያለች ከተማ ናት። ባለፈው ሳምንት ሴት ልጅ ተገላገለችና ስሟን ቻኡሲኩ አሏት። የአያቷ ስም ነው። እኔም ስጦታው ላይ ስሟን በፊደላችን ከነትርጉሙ ልጽፍላት አሰብኩ። ኢንተርኔት ላይ የሕፃናት ስም የሚዘረዝሩት ገጾች ሁሉ «በሌሊት የተወለደች» ብለው ያልፉታል። ልጅቷ ግን የተወለደችው ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው። ይኼ ሌሊት ይባላል እንዴ? ደግሞስ «የሌሊት» ብዬ ልጽፍ ስል እጄ ከበደኝ፤ ለሕፃን ልጅ ይከብዳል። ስዋሂሊ የምታውቁ ቃሉን ፍቱልኝ። ስሙ እዚያ የተለመደ ነው?

ፊደል ለቃሚ፦
እንኳን በሰላም ተገላገለች። ዳሬሰላም ስድስት ዓመት ኖሬያለሁ፤ በዚህ ስም የሚጠሩ ያወቅኳቸው ሁለት ሴቶች ብቻ ናቸው፣ ሁለቱም በዕድሜ የገፉ።

መጀመሪያ ቃሉን እንፍታው። ሁለት ቃል ነው፤ «ቻ» እና «ኡሲኩ»። በስዋሂሊ «ሲኩ» ቀን ማለት ነው፤ ዓመት በዓልን «ሲኩኩኡ» ይሉታል፣ ታላቅ ቀን ለማለት። ከፊቱ «ኡ» ስትገባ ቀኑ ይመሻል። ስለዚህ እህቴ፣ ስትጽፊ «ኡ»ን አትዋጫት። «ቻሲኩ» ካልሽው ሌሊቱን ቀን አደረግሽው። አራት ክፍለ ቃል ነው፦ ቻ፣ ኡ፣ ሲ፣ ኩ። ድምፅሽን የምታጠብቂው «ሲ» ላይ ነው፤ ስዋሂሊ ከመጨረሻው አንድ ቀደም ብሎ ያለውን ክፍል ነው የሚያጎላው።

አሁን ወደ «ቻ» እንምጣ፤ የስሙ ነፍስ ያለው እዚህ ነው። «ቻ» የእኛ «የ» ናት። ግን የእኛ «የ» ለሰውም ለዕቃም አንድ ናት፤ የእነሱ እንደ ስሙ መደብ ትለዋወጣለች። ልጅ ከሆነ «ምቶቶ ዋ...»፣ አንድ ነገር ከሆነ «ኪቱ ቻ...»፣ ብዙ ነገር ከሆነ «ቪቱ ቪያ...» ይላሉ። ለሰው የሚሆነው «ዋ» ነው። ታዲያ ልጅቷ ለምን «ዋኡሲኩ» አልተባለችም? ምክንያቱም ያ «ኪ» የሚባለው መደብ የዕቃ ብቻ አይደለም፤ ማሳነሻም ነው። «ምቶቶ» ልጅ ነው፤ «ኪቶቶ» ግን ገና በመዳፍ የምትያዝ፣ ትንሽዬ ልጅ። «ኪቶቶ» ካልን ተከታዩ «ቻ» ነው። እኔ ይህን ስም ስሰማ ከፊቱ ያለው ቃል ተውጦ፣ «የማታዋ ሚጢጢ» የሚል ነው ጆሮዬ ላይ የሚቀረው። ለሕፃን ከዚህ የተሻለ ቁልምጫ አላውቅም።

ልብ በይ፣ «የተወለደች» የሚል ቃል ስሙ ውስጥ የለም። መወለድ በስዋሂሊ «ኩዛሊዋ» ነው፤ ሥሩ እዚህ አልገባም። ገጾቹ ያብራሩልሽ የተሰጠበትን ምክንያት እንጂ የቃሉን ትርጉም አይደለም።

ስለ ሰዓቱ፦ ስዋሂሊ ተናጋሪዎች ሰዓት የሚቆጥሩት እንደኛ ነው። ፀሐይ ወጥታ አንድ ሰዓት ሲያልፍ «ሳአ ሞጃ» ይላሉ፤ አንድ ሰዓት። ፈረንጁ ሰባት በሚልበት መሆኑ ነው። ዳሬሰላም የገባሁ ቀን ቀጠሮ ሲሰጡኝ አገሬ የገባሁ መሰለኝ። ልጅቷ የተወለደችበት 2 ሰዓት ለእነሱ «ሳአ ምቢሊ ኡሲኩ» ነው። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ብትወለድም «ሳአ ቲሳ ኡሲኩ»፤ ቃሉ ያው ኡሲኩ ነው። እኛ ምሽት፣ ማታ፣ ሌሊት ብለን የምንከፋፍለውን እነሱ ከጀንበር መጥለቅ በኋላ ጀምረው እስከ ንጋት በአንድ ቃል ይሸፍኑታል። ውድቅቱን ለይተው ሲጠሩ «ኡሲኩ ዋ ማናኔ» ይላሉ። እንግዲህ «የሌሊት» ብለሽ ከጻፍሽ ትርጉሙን አጠበብሽው።

እናኑ፦
ፊደል ለቃሚ፣ እጅህ ይባረክ። «ቻ ኡሲኩ» ሌላ ቦታስ ይገጥማል? መጥፎ ነገር ያለበት እንዳይሆን ብዬ ነው። በእኛ አፍ ሌሊት ሲባል ሌባና ጅብ ነው ቀድሞ የሚታሰበን።

ፊደል ለቃሚ፦
ይገጥማል፣ ያውም በየቀኑ። እራት «ቻኩላ ቻ ኡሲኩ» ነው፤ የማታ ምግብ።

እናኑ፦
እንግዲያማ ነገሩ አለቀ! የደሴዋ ልጄ፣ «የማታ» ብለሽ ጻፊላት። አያቶቻችን ሲመርቁ «የማታ እንጀራ ይስጥሽ» አይደል የሚሉት? ማታ በአማርኛ የዕድሜን ማምሻ ይዟል፣ የማይጎድል መሶብ ይዟል። ለአራስ ልጅ ምርቃት ነው። ደግሞ «የማታ» ወንድ ሴት አይለይም፤ ስዋሂሊም አይለይም ሲሉ ሰምቻለሁ።

ፊደል ለቃሚ፦
እውነት ነው እትዬ፣ ስዋሂሊ አንተና አንቺ፣ እሱና እሷ የለውም። ቻኡሲኩን የሴት ስም ያደረገው ልማዱ እንጂ ሰዋስዉ አይደለም። «የማታ» የሚለውን እኔም ተቀብያለሁ፤ ከ«የሌሊት» ይሻላል።

ሞያሌ፦
እዚህ አንድ ነገር ልጨምር። እኛ ቦረናዎች ልጅን በተወለደበት ሰዓት እንጠራለን፦ ቦሩ ማለዳ፣ ጉዮ ቀን፣ ገልገሎ ወደ ማምሻው፣ ሐልካኖ ሌሊት። ሐልከን በኦሮምኛ ሌሊት ነው። ኬንያ ውስጥ ደግሞ ሉኦዎች በሌሊት የተወለደውን ወንድ ኦቲዬኖ፣ ሴቷን አቲዬኖ ይላሉ፤ የጠዋቷን አኪኚ፣ የምሽቷን አዲያምቦ። ናይሮቢ አውቶቡስ ውስጥ «አቲዬኖ!» ብለሽ ብትጣሪ የሚዞረው ሰው አንድ አይሆንም። ቻኡሲኩ ግን እኔም ዛሬ ገና መስማቴ ነው። ትርጉሙ አንድ ሆኖ ሳለ ለምን አንዱ በዛ፣ ሌላው ጠፋ?

ፊደል ለቃሚ፦
ጥሩ ጥያቄ ነው፤ የደሴ ልጅ «የተለመደ ነው ወይ» ያለችውንም ይመልሳል። በእኔ እይታ ምክንያቱ ሁለት ነው።

አንደኛው አንተው የነገርከን ነው። ስዋሂሊን በሁለተኛ ቋንቋነት የሚናገረው ሕዝብ አፉን ከፈታበት እጅግ ይበዛል። ሉኦው ገበያ ላይ ስዋሂሊ ይናገራል፤ ልጁን ሲሰይም ግን ወደ ሉኦኛው ይመለሳል። ለሌሊት ልጅ አቲዬኖ እያለለት ቻኡሲኩን ምን ሊያደርግለት? ስሙ የሚቀረው ቋንቋው አፍ መፍቻ በሆነበት፣ በተለይም በባሕሩ ዳርቻ ነው።

ሁለተኛው የዳርቻው ልማድ ነው። እዚያ በድሮው ሥርዓት ልጅ ሁለት ስም ነበረው። ስትወለድ አንዲት አሮጊት ዘመድ መልኳን ወይም የመጣችበትን ሁኔታ አይተው የሚያወጡላት «ጂና ላ ኡቶቶኒ»፣ የልጅነት ስም ነው። እስከ 40 ቀን ባለው ጊዜ ደግሞ ወላጆች «ጂና ላ ኡኩብዋኒ» ያወጣሉ፤ የአዋቂነት ስም፣ አብዛኛውን ጊዜ ከዓረብኛ የመጣ። የእኛን የክርስትና ስምና የቤት ስም ያስታውሳችሁ የለ? የእኛም ወንድ ልጅ ክርስትና የሚነሳው በ40 ቀኑ ነው። ልዩነቱ መዝገብ ላይ ነው፤ እኛ ዘንድ መዝገብ ላይ የሚሰፍረው የቤቱ ስም ሲሆን እዚያ የሚሰፍረው የአዋቂነቱ ነው። ስለዚህ ቻኡሲኩን የመሰለ ስም መንደር ውስጥ ሲጠራ ይኖራል፣ ወረቀት ላይ ግን ይሳሳል።

አሜሪካ ውስጥ የሚታወቁት የስዋሂሊ ስሞች ሌሎች ናቸው። በ1966 እ.ኤ.አ. ኳንዛ የሚባለው የጥቁር አሜሪካውያን በዓል ሲጀመር ሰባቱ መርሆዎች የተሰየሙት በስዋሂሊ ነበር፤ ከእነሱ መካከል «ኢማኒ» እና «ኒያ» የልጅ ስም ሆነው ገቡ። አንዱ እምነት፣ አንዱ ዓላማ። አጭር ናቸው፣ ለእንግሊዝኛ አፍም አይከብዱም። ለነገሩ ለእኛም እንዲያ ነው፤ ልጅቷ ባራካ ብትባል ኖሮ ማንንም ሳትጠይቂ «በረከት» ብለሽ ትጽፊ ነበር፣ ሥሩ ዓረብኛ ስለሆነ ዘመዳችን ነው። ቻኡሲኩ ግን ከሥር እስከ ጫፉ ባንቱ ነው፤ ስዋሂሊ ራሱ ከሚመደብበት የአፍሪካ ቋንቋዎች ቤተሰብ። ለዚህ ነው መጠየቅ ያስፈለገሽ፤ ለዚህም ነው እኔ ይህን ስም አብልጬ የምወደው።

እናኑ፦
ሁለት ስም የሚለውን ባልደረባሽን ጠይቂልን እስቲ።

የደሴ ልጅ፦
ጠየቅኳት፤ ዛሬ ስጦታውን ይዤ ሄጄ ነበር። ፊደል ለቃሚ እንዳልከው ነው። የአያቷ የመዝገብ ስም ዓረብኛ ነው፣ ወረቀት ላይ ሁሉ የጻፉት እሱን ነው። ቻኡሲኩ ሰፈሩና የልጅ ልጆቹ የሚጠሯት ስም ነበር። አሁን ለልጅቷ የልደት ወረቀት ላይ የገባው ቻኡሲኩ ነው፤ «ይኼኛው ወረቀት ላይ ይውጣ» ያለችው እናቷ ራሷ ናት።

ካርዱ ላይ «ቻኡሲኩ» ብዬ በትልቁ ጻፍኩ፣ ከሥሩ «የማታ»። ፊደሉን በጣቷ እየተከተለች አራቱን ድምፅ አንድ በአንድ አስነበብኳት፤ «ኡ» ላይ ስትደርስ ቆም አለችና ሳቀች። የማታ እንጀራን ግን በእንግሊዝኛ ላስረዳት ብሞክር አቃተኝ። ፊደል ለቃሚ፣ በስዋሂሊ እንዴት ልበላት?

ፊደል ለቃሚ፦
በቃል በቃሉ «ምካቴ ዋ ኡሲኩ» ይሆናል፤ ምካቴ ዳቦ ነው። ግን እንዲህ ብትያት እራት የጋበዝሻት ነው የሚመስላት። በይ ከዚያ በኋላ ቁጭ ብለሽ ስለ አያትሽ ምርቃት ንገሪያት።